በዋይኪኪ የኤሊ ጉዞ፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ

መጀመሪያ ሂሳቡን ልንገራችሁ፤ ከሃዋይ ከተመለስን ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ለአንድ ሰው 79 ዶላር፣ እኛ ደግሞ 3 ነን። ታክሱ፣ የመኪና ማቆሚያውና ለሠራተኞቹ የሰጠነው ቲፕ ሲደመርበት ከ300 ዶላር አለፈ። ጉዞው፣ ማለትም በጀልባ ወጥቶ የባሕር ኤሊ ውሃ ውስጥ ሆኖ ማየቱ፣ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ ውሃ ውስጥ የቆየነው 40 ደቂቃ ቢሆን ነው። ባለቤቴ ጭራሽ እግሩን ሳያረጥብ የተመለሰ ቢሆንም ሙሉውን ከፍሏል። "ተቀምጦ ለማየት 79 ዶላር? ስታዲየም እንኳ ይሻላል፤ እዚያ ቢያንስ ወንበሩ አይወዛወዝም" ያላትን ነገር እንግዳ በመጣ ቁጥር ይደግማታል።

እንዲህም ሆኖ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ። አንዷን ለምን እንደነሳኋቸው ኋላ እመጣበታለሁ። የድርጅቱን ስም ግን አልጽፍም። ሆኖሉሉ ካለው ኬዋሎ ቤዚን ወደብ በየጠዋቱ ወደ ኤሊዎቹ የሚወጡት ጀልባዎች ብዙ ናቸው፤ ሠራተኞቹም ይቀያየራሉ። ስሙን ከምነግራችሁ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ምን እንደምትጠይቁ ብነግራችሁ ይሻላል።

ስለ ራሴ ትንሽ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ነርስ ነኝ፤ ያደግኩት ጉለሌ ነው። ለእኔ ትልቅ ውሃ ማለት ላንጋኖ ነበር፤ እሱም እስከ ጉልበቴ ድረስ ብቻ፣ እጄን ስከተው ጣቴ የማይታየኝ ቡናማ ውሃ። ዋና የተማርኩት በ41 ዓመቴ፣ በካውንቲው ገንዳ፣ ከ6 ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰልፌ ነው። ይህን የምለው "እኔ ዋና አልችልም፣ ለእኔ አይሆንም" የምትሉ እህቶች እንድትሰሙኝ ነው። እንደ ዓሣ መዋኘት አያስፈልግም። መንሳፈፍና አለመደንገጥ ይበቃል፤ ከሁለቱ የሚከብደው ደግሞ አለመደንገጡ ነው።

ጉዞውን ያመጣችው ልጄ ናት። 14 ዓመት ሊሞላት ሲል "ለልደቴ ኤሊ ማየት እፈልጋለሁ፤ ግን መስታወት ውስጥ ያለችውን አይደለም" አለችን። አባቷ "ባልቲሞር ያለው አኳሪየም ምን ሆነና?" ብሎ ነበር፤ ማንም አልመለሰለትም። ጀልባ የመምረጡን ሥራ ለእሷ ለቀቅኩላት። በደብተሯ ላይ አራት ጥያቄ ጽፋ እኔን ታስደውለኝ ጀመር። አንድ አስጎብኚ ስንት ሰው ይይዛል? አስጎብኚው አብሮን ውሃ ውስጥ ይገባል ወይስ ከጀልባው ላይ ሆኖ ይጮኻል? ከኤሊዋ ምን ያህል እንርቃለን? ኤሊ ባናይስ? መጀመሪያ የደወልኩለት ቦታ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ደምቆ "ኦ! በጣም በጣም ቅርብ ትደርሳላችሁ፣ ልትነኳት ምንም አይቀራችሁም!" አለችኝ። ስፒከር ላይ ነበርኩ። ልጄ ምንም ሳትናገር ስሙን በእስክሪብቶ ሠረዘችው።

ሁለተኛው ቦታ ያነሳው ሰውዬ ደረቅ ያለ ነበር። "10 ጫማ" አለኝ። "ከዚያ ቅርብ መሄድ ከፈለጋችሁ እኛ አንመቻችሁም።" 10 ጫማ 3 ሜትር ማለት ነው፤ በሃዋይ ውሃ ውስጥም ሆነ አሸዋ ላይ ከባሕር ኤሊ እንዲጠበቅ የፌዴራሉ መንግሥት ባለሙያዎች የሚመክሩት ርቀት እሱ ነው። ደንበኛን በዚህ ዓይነት ድምፅ የሚመልስ ድርጅት አይቼ አላውቅም። እዚያው ከፈልኩ።

የሄድነው ነሐሴ ላይ ነው፣ ፍልሰታ ገብቶ። ጀልባው ጠዋት በ9፣ በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ 25 ደቂቃ ዘግይቷል። ለምን እንደዘገየ የነገረን የለም። በዚያ መሀል አንድ ወጣት ሠራተኛ የሁሉንም ሰው ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) እያገላበጠ ጀርባውን ያነብ ነበር። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸው ሰንስክሪኖች በባሕሩ ወለል ላይ የሚያድገውን ኮራል ይጎዳሉ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ሃዋይ ውስጥ እንዳይሸጡ በሕግ ተከልክለዋል። የእኔ ከቤት በሻንጣ የመጣ ነው፤ ልጁ አንብቦ በትሕትና መለሰልኝና ዚንክ ያለበት የእነሱን ጠርሙስ ሰጠኝ። ተቀባሁት። ጥቁር ቆዳ ያላችሁ፣ ዚንክ ማለት ምን እንደሆነ አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፦ ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት ስትሠራ የዋለች ሴት መሰልኩ። ባለቤቴ ፎቶ አነሳኝ፣ አጠፋዋለሁ ብሎኝ አላጠፋውም። ይልቅ እጀ ረጅም የዋና ልብስ ልበሱ። ከፀሐይ ይከላከላል፣ ወደ ባሕሩ የሚገባው ቅባት ይቀንሳል፣ ያለ መሸፋፈን ለማይመቸንም ጥሩ ነው።

የጀልባዋ ካፒቴን ከመሪው አጠገብ ነው፤ እንግዳውን የያዙት አስጎብኚዎቹ ናቸው። 22 ሰው ነበርን፣ አስጎብኚ 3። የእኛ ቡድን የደረሳት እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ሃያዎቹን ያጋመሰች ወጣት ናት። መጀመሪያ ያለችኝ ነገር "አንቲ፣ ቀስ ብለው ይግቡ" ነው። እንግሊዝኛው "አክስት" ማለት ስለሆነ ዕድሜዬን ፊቴ ላይ አንብባ ነው ብዬ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳይ ካፒቴኑን "አንክል" ትለዋለች፣ ወደብ ላይ ቲኬት የምታየውን ሴትዮም "አንቲ" ትላታለች። ለካ እዚያ አገር ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም። እኛ እትዬና ጋሼ እንደምንለው ነው። ከዚያ በኋላ "አንቲ" ባለችኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ጀመር።

ከወደቡ እንደወጣን ይህች ልጅ ከከረጢቷ ሰማያዊ ገመድ አወጣችና ከጀልባዋ ወለል ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረጋችው። "3 ሜትር ይህን ያህል ነው" አለች። ሁላችንም ዝም አልን፤ በጭንቅላታችን የያዝነው ርቀት ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። አንዱን ሰውዬ ገመዱ ጫፍ አቁማ እሷ በሌላው ጫፍ ቆመች። "እኔ ኤሊ ነኝ፤ እርስዎ ከዚህ ከቀረቡኝ ከውሃው አወጣዎታለሁ። ሁለተኛ ዕድል የለም።" ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው፤ ግን ቀልድ እንዳልነበረ ኋላ አየነው።

ከገመዱ ሌላ የነገረችን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱን ግን ሁሉንም ነገረችን። ከኤሊዋ ጎን ሁኑ እንጂ ከላይዋ አትሁኑ። ኤሊ ዓሣ አይደለችም፣ እንደ እኛ በሳንባ ነው የምትተነፍሰው። ተኝታ ስታርፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ትንፋሿን መያዝ ትችላለች፤ ስትንቀሳቀስ ግን በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ መውጣት ግድ ይላታል። ከላይዋ ከተንሳፈፋችሁ በሯን ዘጋችሁባት ማለት ነው። ከኋላዋም አትከተሉ፤ ከኋላ የሚመጣባት ነገር ለእሷ ሻርክ ነው። እሷ ራሷ ወደ እናንተ ከመጣች ደግሞ አትሽሹ፣ አትራገጡ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጥፋችሁ ዝም በሉ፣ ታልፋችሁ ትሄዳለች። ኮራል ላይ አትቁሙ፤ ድንጋይ ቢመስልም ሕይወት ያለው ነገር ነው።

እዚህ ጋ ሥራዬ አልለቅ ስለሚለኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሃዋይ ውስጥ ጎብኚዎች ውሃ ውስጥ ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች ስኖርክል፣ ማለትም ማስክና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ መንሳፈፍ፣ ቀዳሚው ነው። አስጎብኚዋ ይህን ሳትደብቅ መናገሯ ለእኔ ትልቅ ነጥብ ነው፤ ሌላው ቢሆን ደንበኛ እንዳይፈራ ይዘለው ነበር። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውን ማስክ ጀልባዋ ላይ አይፈቅዱም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወዲያው ቆሞ፣ ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ፣ በጀርባው ተንሳፍፎ እጁን እንዲያነሳ ደጋግማ ነገረችን። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለባችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ይህኛው ከእኔ ነው።

ዕቃዎቹን በተመለከተ ብዙም አላመሰግናቸውም። ማስኮቹ ያረጁ ናቸው፤ ጎማው ደርቋል። ባለቤቴ ገና ጀልባው ላይ ሲሞክረው ሪዙ ስር አየር እየገባ አልያዝ አለው። የእኔ ችግር ሹሩባው ነበር፦ ከመሄዴ በፊት የተሠራሁት ከግንባሬ ላይ ወፍራም ሆኖ የሚጀምር ስለነበር ማስኩ ስር ገብቶ ውሃ ያስገባል። ሦስት ጊዜ ከቀያየርኩ በኋላ ነው የያዘልኝ። ለሹሩባ ሰሪያችሁ ከፊት በኩል ቀጭንና ጥብቅ ይሁን በሏት። አፍ ውስጥ የሚገባውን ቱቦ ደግሞ ከአንድ ባልዲ መድኃኒት ነክረው በሌላ ባልዲ ያለቀልቁታል። ምን መድኃኒት ነው፣ ስንት ደቂቃ ይቆያል ብዬ ጠይቄ "ደህና ነው፣ አታስቢ" የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ነርስን "አታስቢ" አይሏትም። በሚቀጥለው የራሴን ማስክና ቱቦ ገዝቼ ነው የምሄደው፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ቦታው ተርትል ካንየን ይባላል፤ ከዋይኪኪ ፎቆች ፊት ለፊት ነው። ከውሃው ቀና ስትሉ በአንድ በኩል ሆቴሎቹ፣ በሌላ በኩል ዳይመንድ ሄድ ተራራ ይታያችኋል። ጥልቀቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ስንደርስ ባለቤቴ ፊቱ ጤፍ መስሏል። "ሂዱ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ" አለና የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ያዘ። በነገራችን ላይ የማቅለሽለሽ ክኒን የሚዋጠው ከመነሳታችሁ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ እሱ የዋጠው ካቅለሸለሸው በኋላ ነው፣ ሚስቱ ነርስ ሆና።

ፊቴን ውሃ ውስጥ ስከት መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ትንፋሽ ነው። ቬንቲሌተር ላይ ያለ በሽተኛ ዓይነት ድምፅ። እሱን ስሰማ ልቤ መምታት ጀመረ፣ ከዚያ ዕድሜ ልኬን ለበሽተኛ የምለውን ለራሴ አልኩት፦ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ ቀስ ብለሽ አስወጪ። ላይፍ ጃኬቱ ይይዛል፤ ምንም ማድረግ አያስፈልግም። ሲረጋጋልኝ ታች አየሁ።

መጀመሪያ ያየኋት ኤሊ አልመሰለችኝም። ሰፋ ያለ ድንጋይ ላይ ሌላ ድንጋይ ተጋድሞ፣ ዙሪያውን ቢጫና ጥቁር ዓሦች ይርመሰመሱበታል። አስጎብኚዋ በእጇ ስታመለክት ነው አንገቷን የለየሁት። አንገቷን አስረዝማ፣ አራቱንም እግሮቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዓሦቹ ደግሞ ጀርባዋ ላይ የበቀለውን አልጌ እየለቀሙ ይበላሉ። አንዱ አንገቷ ሥር ገብቷል፣ ሌላው ጅራቷ ጋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉር ቤት ተቀምጣ ሁለት ልጆች በሁለት በኩል ሹሩባ የሚሠሯትን ሴትዮ አስቡ፤ ልክ እንደዚያ ነው፣ ፊቷም እንዲያው "አትቸኩሉ" የሚል ነው። ኤሊዎቹ እዚያ ቦታ የሚመጡት ለዚህ ነው፤ ዓሦቹ የሚያጥቧቸው ቦታ ስለሆነ። ማንም ምግብ አይሰጣቸውም፣ ማንም አያሠለጥናቸውም።

ሲገባኝ ርቀቱ ትርጉም ሰጠኝ። ወረድ ብለን ብንቀርብ ዓሦቹ ይበተናሉ፣ እሷም ተነሥታ ትሄዳለች፤ እኛ ያየነው ነገር ሁሉ ያበቃል። ዝም ብለን ከላይ በጎን በኩል ስለተንሳፈፍን 10 ደቂቃ ሙሉ አየናት። ከሌሎቹ ጀልባዎች የወረዱት ሰዎች እየተራገጡ እዚህም እዚያም ሲሉ የእኛ ቡድን እንደ ቅጠል ነበር። ልጄ እጄን ይዛለች።

ከዚያ አንደኛዋ ተነሣች። "የኤሊ ጉዞ" እያልን የምንሳደብበትን ነገር እመልሳለሁ። ሁለቱን የፊት እግሮቿን እንደ ክንፍ አንድ ጊዜ ስትመታ ከድንጋዩ ተነጠለች፣ ሁለተኛ ስትመታ ከሥሬ ነበረች። ወደ እኔ ነው የምትመጣው። ቅርፊቷ ከላይ እንደሚመስለው አረንጓዴ አይደለም፤ ቡናማ ሆኖ እንደ ፀሐይ ጨረር የተሠራጨ የማር ቀለም አለበት። አረንጓዴ የባሕር ኤሊ የተባለችው ከቆዳዋ በታች ባለው ስብ ቀለም ነው፤ ስሙን ያወጡላት የበሏት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ትልቅነቷ ያስደነግጣል። ከእኔ በጣም ትከብዳለች፣ እኔም ቀላል አይደለሁም።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። እጄ በራሱ ተዘረጋ። ገመዱን አይቼ፣ ምክሩን ሰምቼ፣ ሁለቱን ድርጅት መርምሬ መጥቼ፣ እጄ እንደ ሕፃን እጅ ወደ ፊት ሄደ። ልጄ አንጓዬን ይዛ መለሰችው። ቱቦ አፏ ውስጥ ሆኖ "ምምምም!" ብላ ተቆጣችኝ፣ ቋንቋው "ማሚ!" ነበር፣ ገብቶኛል። እጄን ደረቴ ላይ አጠፍኩ። ኤሊዋ ሁለት ክንድ ከሚያህል ርቀት ላይ አልፋኝ ወጣች፣ ጭንቅላቷን ከውሃው አውጥታ "ፑህ" ብላ ተነፈሰች፣ ገብታ ሄደች። ዓይኗ ሥር አተር የሚያህል እብጠት ነበረባት።

ያ እብጠት ሲያሳስበኝ ቆየ። ጀልባው ላይ ስጠይቃት አስጎብኚዋ ፋይብሮፓፒሎማቶሲስ የሚባል በሽታ እንደሆነ ነገረችኝ። ከአንድ የሄርፒስ ዝርያ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዓይናቸው፣ አንገታቸውና አፋቸው አካባቢ እባጭ ያወጣባቸዋል፣ ሲብስ ማየትና መብላት ይከለክላቸዋል። የሄርፒስ ቫይረስ በሥራዬ በየቀኑ የማውቀው ነገር ነው፤ ውቅያኖስ መካከል ይጠብቀኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

መጥፎው ነገር የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከአጠገባችን ከቆመው ሌላ ጀልባ የወረደ አንድ ሰውዬ ዱላ ላይ የታሰረ ጎፕሮ ካሜራ ይዞ፣ ወደ ላይ እየወጣች ያለችን አንዲት ኤሊ ከላይዋ ሆኖ ይከተላት ጀመር። እሷ ወደ ቀኝ ስትዞር እሱም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትል እሱም። የእነሱ አስጎብኚ ከጀልባው ላይ ሆኖ ስልኩን ያያል። ኤሊዋ ሳትተነፍስ ተመልሳ ወረደች። ያን ጊዜ ከእኛ ቡድንም አንዱ ተነሣሥቶ ጃኬቱን አውልቆ ሊጠልቅ ሞከረ። የእኛዋ አስጎብኚ አልጮኸችም፤ በሰውዬውና በኤሊዋ መካከል ገብታ ጀርባዋን ለኤሊዋ ሰጥታ ቆመች። ከዚያ ወደ ጀልባው አመለከተች። ወጣ። እስከ ወደቡ ድረስ "ገንዘቤን መልሱልኝ" ሲል ነበር፣ ካፒቴኑ "እሺ አንክል፣ ቢሮ ጠይቁ" እያለ መሪውን ይዞ ሄደ። አራተኛዋን ኮከብ ያገኙት እዚያ ጋ ነው።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ከላይ አይቶታል። ለካ እኛ ታች ስናይ እሱ ከጠርዙ ላይ ሆኖ ለመተንፈስ ብቅ የሚሉትን ሲቆጥር ነበር፤ ማቅለሽለሹን ለመርሳት ብሎ ጀምሮት። 11 ትንፋሽ ቆጥሯል። ያቺ የተመለሰችው ኤሊ በጣም ርቃ ሄዳ ብቅ ስትል ያያትም እሱ ብቻ ነው። "ሰው ሊተነፍስ ሲመጣ በር ይዘጋበታል?" ብሎ በአማርኛ ወደዚያኛው ጀልባ ጮኸ፤ ማን እንደሰማው እንጃ።

መልሱ ላይ ቺፕስና የአናናስ ጭማቂ ሰጡን። የጾም ነው፤ አመሰገንኩ። የዓሣ ሳንድዊችም ነበረ፣ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው ክርክር ውስጥ ግን ባሕር ላይ ሆኜ አልገባም።

አስጎብኚዋ ከሁሉ የበለጠውን ነገር የነገረችን በዚህ ሰዓት ነው፤ ግማሹን ግን ድምፅ ማጉያው ዋጠው። ሙዚቃውን ለምን ያን ያህል እንደሚከፍቱት አልገባኝም። ተጠግቼ በጆሮዬ የሰማሁት ይህን ነው፦ እነዚህ ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉት ዋይኪኪ አይደለም። ከሃዋይ አረንጓዴ ኤሊዎች አብዛኞቹ የሚጥሉት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ ባለው ላሎ በሚባል ቦታ ነው፤ ፈረንጆቹ ፍሬንች ፍሪጌት ሾልስ የሚሉት ትንንሽ የአሸዋ ደሴቶች። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆርጅ ባላዝ የሚባል ተመራማሪ እዚያ ሄዶ ሲቆጥር ያገኛቸው እንቁላል ጣይ ኤሊዎች 67 ብቻ ነበሩ። ሰው በልቷቸው አልቀው ነበር። በ1978 በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ተደረገላቸው፣ ከዚያ ወዲህ ቀስ እያሉ በዝተዋል። ቀስ የሚለው ለማለት ያህል አይደለም፤ አንዲት ኤሊ ለመውለድ ከ25 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጥቅምት ላይ ደግሞ ዋላካ የተባለው አውሎ ነፋስ ብዙዎቹ ይጥሉባት የነበረችውን ኢስት ደሴትን በአንድ ሌሊት ጠርጎ ወሰዳት። አሸዋው ሲሞቅ ከእንቁላሉ የሚወጡት ሴቶች ይበዛሉ፤ ያም ሌላ ስጋት ነው።

"ሰው በልቷቸው" ስትል አጎቴ ትዝ አለኝ። ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለ ሰው ነው፤ ልጆች ሳለን ዳህላክ ላይ የኤሊ እንቁላል ከአሸዋ ቆፍረው እንዴት እንደሚቀቅሉ ያወራን ነበር፣ ምራቃችንን እየዋጥን እንሰማዋለን። ለአስጎብኚዋ ነገርኳት፤ ትቆጣለች ብዬ። ሳቀች። "የእኔም ቅድመ አያት ይበሉ ነበር፣ አንቲ" አለችኝ።

አሁን የነሳኋት ኮከብ። ማስኩም፣ መዘግየቱም፣ ሙዚቃውም አይደለም። ወደ ሆቴል ስንመለስ ልጄ የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፍታ አሳየችኝ። መጀመሪያው ላይ ያለው ትልቁ ፎቶ አንዲት ቢኪኒ የለበሰች ወጣት ከኤሊ ጋር ፊት ለፊት፣ እጇ ከቅርፊቷ አንድ ጣት ሲቀረው ነው። ሥሩ "ኤሊ ለማየት ዋስትና አለን" ይላል። አስጎብኚዋ ጀልባ ላይ ገመድ ዘርግታ 3 ሜትር ስትል፣ "ዋስትና የለም፣ የዱር እንስሳ ናቸው" ስትል፣ ቢሮው ደግሞ ያንን ፎቶ ይሸጣል። ያ ሰውዬ ጃኬቱን አውልቆ ሊጠልቅ የሞከረው እሱን ፎቶ አይቶ ከፍሎ ይሆናል። የራሳቸው ሠራተኛ ውሃ ውስጥ ገብታ የምትታገለው ከራሳቸው ማስታወቂያ ጋር ነው። ይህን በኢሜይል ጻፍኩላቸው። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" አሉኝ፤ ፎቶው አሁንም እዚያው ነው።

ገንዘቡ የሚከብዳችሁ ወይም እንደ ባለቤቴ ባሕር የማይስማማችሁ፣ ከሆኖሉሉ ወደ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ ላኒያኬያ ዳርቻ ላይ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። በሌላው ዓለም የባሕር ኤሊዎች ፀሐይ ለመሞቅ አሸዋ ላይ የሚወጡት እምብዛም አይታይም፤ ሃዋይ ላይ ግን ይወጣሉ። ፈቃደኛ ሰዎች ዙሪያቸውን ቀይ ገመድ ዘርግተው ይጠብቃሉ። ማግስቱን ሄድን። መኪና ማቆሚያው ፈተና ነው፣ ማንም የሚመጣው ለፎቶ ነው፣ ኤሊዋ ደግሞ ዝም ብላ ተኝታለች። ከዓይኗ ወፍራም እንባ ይወርዳል፤ ታማ እንዳይመስላችሁ፣ በዓይኗ አጠገብ ባለ ዕጢ የጠጣችውን ጨው የምታስወጣበት መንገድ ነው። ባለቤቴ ከገመዱ ውጭ አሸዋው ላይ ተቀምጦ ከአንድ ሰዓት በላይ አያት። "ይሄኛው አይወዛወዝም" አለ።

ጀልባው ላይ የሚሸጡትን የ45 ዶላር የፎቶ ፓኬጅ አልገዛንም። ያለን ልጄ በራሷ ትንሽ ካሜራ ከ3 ሜትር በላይ ርቃ ያነሣችው አንድ ፎቶ ነው። ሰማያዊ ውሃ፣ መሃሉ ላይ ቡናማ ነገር። አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቴ በቴሌግራም ላክኩላት። ትንሽ ቆይታ ደወለች።

"የታለች ኤሊዋ?"

"መሃል ላይ ያለችው ናት፣ እቴቴ።"

"ይሄ ድንጋይ አይደል እንዴ? 300 ዶላር ከፍለሽ ድንጋይ አነሣሽ?"